መሐንዲስ በማኅተሙ ስለሚያዝበት ኃላፊነት

ቤት የሚሠራ ሰው በቤቱ ለሚገባውና ለሚወጣው ነፍስ ሁሉ ዋስ መሆኑ ዛሬ የተፈለሰፈ ሕግ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ መታዘዙን ሊቃውንቱ ያውቁታል። በዚያ ዘመን ግን ጥፋተኛውን መፈለግ ብዙ አያደክምም ነበር። በዛሬው ሕንፃ አንዱ ይነድፋል፤ ሁለተኛው ያሰላል፤ ሦስተኛው ብረቱን ቈርጦ ይገጥማል፤ አራተኛው ገንዘቡን ይከፍላል፤ ሕንፃው የወደቀ እንደ ሆነ እያንዳንዱ በባልንጀራው ያሳብባል።

ለዚህ ነገር በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ ከተማ የሆነው ታላቅ ማስረጃ ነው። ሃያት ሪጀንሲ የተባለው ሆቴል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ተከፈተ። በሰፊው አዳራሹ ውስጥ ከጣራው በብረት ዘንግ የተንጠለጠሉ መተላለፊያ ድልድዮች ነበሩ፤ የ2ኛው ፎቅ ድልድይም በ4ኛው ፎቅ ድልድይ ሥር ትይዩ ሆኖ ተሠርቶ ነበር። በጁላይ 17 ቀን 1981 ማታ ሕዝቡ ለጭፈራ ተሰብስቦ ሳለ እነዚህ ሁለቱ ተያይዘው ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 የሚበልጡም ቈሰሉ።

በመጀመሪያው ንድፍ አንድ ረጅም ዘንግ ከጣራው ወርዶ ሁለቱን ድልድዮች እንዲይዝ፥ እያንዳንዱም በየራሱ ዳዶ ላይ እንዲያርፍ ታስቦ ነበር። ብረቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት ይህን ያህል ርዝመት ላለው ዘንግ ጥርስ ማውጣት ስላስቸገረው፥ ዘንጉ ለሁለት ተከፍሎ የታችኛው ድልድይ ከላይኛው ላይ እንዲንጠለጠል ሐሳብ አቀረበ። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ነገር ግን ሁለት ቅርጫቶችን በአንድ ገመድ ላይ በየራሳቸው ቋጠሮ ማሰርና፥ የታችኛውን ከላይኛው ሥር አስሮ ማንጠልጠል አንድ አይደለም፤ በኋለኛው አኳኋን የላይኛው ቋጠሮ የሁለቱን ክብደት ይሸከማል። የ4ኛው ፎቅ ዳዶም እንዲሁ እጥፍ ጭነት ወደቀበት። ይልቁንም የመንግሥት መርማሪዎች ሲያሰሉት፥ የመጀመሪያው ንድፍ እንኳ የከተማው ደንብ ከሚያዘው ጥንካሬ ከ100 እጅ 60 ያህሉን ብቻ የሚችል ሆኖ ተገኘ።

የተለወጠው ንድፍ ወደ መሐንዲሶቹ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ማኅተም ተደረገበት። ብረት ሠሪዎቹ ለውጡ በስልክ ተፈቅዶልናል አሉ፤ መሐንዲሶቹም አልፈቀድንም አሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ክርክር ብዙ አይጠቅምም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት እያለ የስልክ ምስክር ለምን ይፈለጋል? ይልቅስ የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ መምጣቱ ነው። በ1979 ሕንፃው ገና ሲሠራ የአዳራሹ ጣራ ከፊሉ ወድቆ ነበር፤ ያን ጊዜ መሐንዲሶቹ የአዳራሹን የብረት መጋጠሚያ ሁሉ እንመረምራለን ብለው ለባለቤቶቹ ቃል ሰጥተው ነበር። ያ አንዱ መጋጠሚያ ግን ሳይሰላ ቀረ። ለፍርድ ሌላውንም ወገን መስማት ይገባልና፥ መሐንዲሶቹ በሥራው ቦታ ዘወትር የሚቈም ተቈጣጣሪ እንዲኖር ጠይቀው ስለ ወጪው እንደ ተከለከሉ ተናግረዋል።

በወንጀል የተከሰሰ አልነበረም። የሚዙሪ ግዛት የመሐንዲሶች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ግን ነገሩን አልተወውም፤ በ1985 ዳኛው ከባድ ቸልተኝነት መኖሩን ወሰነ፤ ቀጥሎም የሁለት መሐንዲሶች ፈቃድ ተሰረዘ። ከሁለቱ አንዱ ማኅተሙን ያኖረው ሲሆን ስሌቱን በእጁ አልሠራም ነበር፤ ይኸውም ማኅተም የሚያኖር ሰው በሌላ እጅ ስለ ተሠራውም እንደ ራሱ ሥራ ይጠየቅበታል ማለት ነው። በ1988 የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን አጸና። ያም መሐንዲስ በኋለኛው ዘመኑ በመሐንዲሶች ጉባኤ እየተገኘ ስለዚያ ውድቀት ይናገር ነበር።