የተጠገነ እግር አይቸኩልም

ዛሬ ስለ እግር እናወራለን።

ጉግስ የማይወድ ማን አለ? በአዊ፣ በእንጅባራ፣ ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይሰበሰባሉ። ፈረሱ ይጋልባል፤ እልልታው ይቀልጣል። ደስ ይላል። ነገር ግን ፈረሰኛ ሲወድቅ እግሩ እርካቡ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ እግሩ መሀሉ ላይ ይጠመዘዛል።

አንድ ጎረቤታችን በጥምቀት ጉግስ እንዲህ ሆነ። እኛም «ወለምታ ነው፤ ታሽቶ ይለቀዋል» አልን። ተሳስተን ነበር።

እግራችን መሀል ላይ ምን አለ? ወደ ጣቶች የሚሄዱ 5 ረጃጅም አጥንቶች አሉ። ከኋላቸው ትናንሽ አጥንቶች አሉ። ሁሉንም ጅማት አስሮ ይዟቸዋል። የቤት ማገር በልጥ እንደሚታሰር ማለት ነው። ልጡ ከተበጠሰ ማገሩ ይላቀቃል። ሐኪሞች ይህን መጋጠሚያ «ሊስፍራንክ» ይሉታል። ሊስፍራንክ በ1847 እ.ኤ.አ. የሞተ የፈረንሳይ ሐኪም ነው። በእሱም ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳት በፈረሰኞች ላይ ይደርስ ነበር።

ታዲያ በምን እንለየዋለን? የእግር ጀርባ ያብጣል። ውስጥ እግር ደም ቋጥሮ ይጠቁራል። በጣት መቆም አይቻልም። እንዲህ ከሆነ አናሳሸው፤ አናስጎትተው። ቶሎ ሐኪም ቤት ሄደን ራጅ እንነሳ።

ጎረቤታችን ራጅ ሲነሳ አጥንቱ ከቦታው ለቆ ተገኘ። ኦፕራሲዮን ተደረገ። አጥንቱ በብሎን ታሰረ። ሐኪሙም «እኔ እስክፈቅድልዎ ድረስ በዚህ እግር መሬት እንዳይረግጡ» አለው።

በ5ኛው ሳምንት እብጠቱ ጎደለ። ሰውዬው ክራንቹን ጣለና ወደ ፈረሱ ሄደ። ሚስቱ «ኧረ አንተ ሰው፣ ቀኑ አልሞላም!» ብትለው አልሰማም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ብሎኑ ተነቃነቀ። በመጋቢት እንደገና ኦፕራሲዮን ሆነ። የሰኔ እርሻው በደቦ ታረሰለት። እኛ አርሰን ስንመለስ እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

ሐኪሙ የነገረውን እናንተም ያዙት። «እብጠት ጎደለ ማለት አጥንት ገጠመ ማለት አይደለም።»

ታዲያ እንዴት ይመለሳል? በደረጃ ነው።

አንደኛ፣ ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ አንረግጥም። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። በክራንች እንሄዳለን። ስንቀመጥ እግሩን ከፍ እናደርጋለን።

ሁለተኛ፣ ሲፈቀድልን ሐኪም ያዘዘውን ጠንካራ ጫማ አድርገን ጥቂት በጥቂት እንረግጣለን። ዛሬ እስከ ደጅ፣ ሌላ ቀን እስከ አጥር።

ሦስተኛ፣ ሳናነክስ መሄድ ስንችል ግድግዳ ይዘን በጣቶቻችን እንነሳለን። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ቆይቶ በተጎዳው እግር ብቻ።

አራተኛ፣ ሐኪም ሲፈቅድ ለጥ ባለ ሜዳ ቀጥ ብለን በዝግታ እንሮጣለን። መዝለልና ዞር ማለት የመጨረሻ ነው።

በማግሥቱ እግሩ ካበጠ ወይም ካመመ፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ይህ ማፈር የለበትም።

ጉግስም ይሁን እግር ኳስ፣ ወደ ጨዋታ ለመመለስ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል። ሁሉም ሰው እንደ ድሮው አይሆንም። ሕመም የሚቀርበትም አለ። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ጎረቤታችን ሁለተኛውን ጊዜ በከሰል ግድግዳ ላይ ሳምንቱን ጻፈ። 1፣ 2፣ 3 እያለ ቆጠረ። የቀጠሮ ወረቀቱንም ራሱ አነበበ። በጥር ፈረሱን ጫነ። በዝግታ፣ በእርምጃ፣ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረ። «ግባ እንጂ!» ብለው ልጆቹ ጮኹ። እሱ ግን ሣቀና ወረደ። «ጉግሱ ለከርሞ ይቆየኝ። በሰኔ ሞፈር ልይዝ ነው» አለ።

እውነቱን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ደህና ሰንብቱ።