የአጥር አበባ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነው። ውበቱን ግን፣ ለእኔ፣ ያገኘው በየአጥሩ ላይ ከተንዠረገገው ቡገንቪሊያ ነበር።

ቡገንቪሊያ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ ስሙም ከፈረንሳዊው የባሕር ተጓዥ ከቡገንቪል የተወሰደ ነው። ሐምራዊው፣ ቀዩ፣ ብርቱካናማው፣ ነጩ፣ አበባ የምንለው ሁሉ በእውነቱ ቅጠል ነው፤ እውነተኛዋ አበባ በመካከሉ የተሸሸገችው ጢኒጥ ነጭ ናት። አንዳንዴም አንዱ ቅርንጫፍ ከእናቱ ተለይቶ ሌላ ቀለም ይዞ ብቅ ይላል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ብዙው ሰፈር ሲፈርስ አጥሩም አብሮ ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፤ በዳርና ዳሩም አበባ በረድፍ ተተከለ። ማማሩን አልክድም። ነገር ግን የረድፉ አበባ የአንድ እጅ ምርጫ ነው፤ የአጥሩ አበባ የእያንዳንዱ ቤት ምርጫ ነበር። ልዩነቱን ያበዛው ይህ ነው።

ደግነቱ፣ ቡገንቪሊያ ተቆርጦ ከተተከለ ቅርንጫፍ ይበቅላል፤ የእናቱንም ቀለም ይዞ ያብባል። እንግዲህ በቂርቆስ አጥራችሁ የቆመላችሁ ሁሉ፣ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ለሄዱት ጎረቤቶቻችሁ አንዳንድ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ላኩላቸው።