ያላመነ አይደነቅ ያለው ማነው?

ከላሊበላ ጉዞ ከተመለስን ወዲህ ከሁለት ወገን ክስ ቀርቦብናል። ምእመናን ጓደኞቻችን፣ «እምነት የለንም የምትሉ ሰዎች ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ አፋችሁን ከፍታችሁ መቆማችሁ ምን ይባላል? ሳይጠሩ የሰው ሠርግ ገብቶ ጠጅ መጠጣት አይደለም ወይ?» ይሉናል። ተራማጅ ነን ባዮቹ ደግሞ፣ «የገባር ላብ የፈሰሰበትን ድንጋይ ስታደንቁ፣ መንገድ ላይ መዝሙር ስትሰሙ ከረማችሁ፤ ወደ ኋላ ተመልሳችኋል» አሉን። ካፌ ቁጭ ብለው ነው ይኼን የሚሉት። እሺ፤ ለሁለቱም መልስ አለን።

በቅድሚያ የሆነውን እንናገር። አምስት ነበርን፤ አምስታችንም አናምንም። ከወልድያ ወደ ጋሸና ዳገቱን ስንያያዘው ከመካከላችን አንዱ የማሃልያ ጃክሰንን መዝሙር ከፈተ። የግጥሙ ግማሽ አልገባንም፤ ድምፁ ግን ደረታችን ውስጥ ገባ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ቤተ ማርያም ግቢ ደርሰን ከበሮውንና ጸናጽሉን ሰማን። ክርክር የማያልቅብን ሰዎች ዝም አልን። ወንጀላችን ይኸው ነው።

አሁን ወደ ተራማጆቹ እንምጣ። የማርክስን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሸምድደው ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው ይሉናል። ይሁን። ለመሆኑ ያንን አለት የፈለፈለው ማነው? ማደንዘዣው ነው? ቤተ መድኃኔ ዓለም ከ33 ሜትር የማያንስ ርዝመት አለው፤ ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ሥራው ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ መሠረት የወረደ ስለሆነ የተሳሳተ መዶሻ የሚጠገንበት መንገድ የለም። ግንበኛ ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ፈልፋይ ግን አንዴ የቆረጠውን አይመልስም። ይህን እጅና ይህን ሒሳብ «ፊውዳል» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት የሠራተኛ ወዳጅነት ነው? ምእመናኑ ደግሞ ሌሊት ሌሊት መላእክት ያግዙ ነበር ይላሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዱ ሥራውን ለንጉሡ ሰጠ፣ ሌላው ለመላእክት ሰጠ። በሁለቱም መዝገብ ጠራቢው የለም! እኛ አፋፉ ላይ ቆመን ያየነው ግን እሱን ነው።

«መዝሙር የአማኝ ብቻ ነው» ለምትሉንም አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። የጥቁር አሜሪካውያንን የወንጌል መዝሙር መልክ ካስያዙት ዋናው ቶማስ ዶርሲ አስቀድሞ የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። ያንን ምት ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ «ይኼ የመሸታ ቤት ዘፈን ነው» ብለው በር የዘጉበት ነበሩ። ቺካጎ ውስጥ መዘምራን የመራበት ፒልግሪም ባፕቲስት ራሱ መጀመሪያ የአይሁድ ምኩራብ ሆኖ የተሠራ ሕንፃ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። ማሃልያም ነሐሴ 1963 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን አደባባይ ስትዘምር በዚያው መድረክ ላይ የአይሁድ ረቢ ተናግሯል። ታዲያ ዜማው ከመሸታ ቤት ወደ መቅደስ፣ ከመቅደስ ወደ አደባባይ አጥር እየዘለለ ከሄደ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ብቻ አጥር የሚሠራው ለምንድነው?

እዚህ ላይ ብናቆም ያሸነፍን ይመስል ነበር። አላሸነፍንም። ምእመናን ጓደኞቻችን ሳያውቁት የነኩት ቁስል አለ።

ቤተ ማርያም በር ላይ አንዲት አሮጊት ግንባራቸውን መቃኑ ላይ አድርገው ይጸልዩ ነበር። ከእኛ አንዱ ፎቶ ለማንሣት ስልኩን ሲያነጣጥር አዩት። «ግድ የለም ልጄ፣ አንሣ» ብለው ገለል አሉለት። ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ መሆናቸውን የሰማነው በኋላ ነው። ጸሎታቸውን አቋርጠው ለእኛ ፎቶ ቦታ ለቀቁ! እኛም አነሣን። «ይቅርታ እናቴ፣ እርስዎ ይጨርሱ» ያለ ከአምስታችን አንድ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ የሚከነክነን ይኼ ነው። የምንወደው ዜማ የሚኖረው እኛ ስለወደድነው ሳይሆን እሳቸው ስለሚያምኑበት ነው። እንደ እኛ ያለ አድናቂ ብቻ ቢቀር ጸናጽሉ በመስታወት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሌሊት ተነሥቶ የሚቆምለት አይኖርም። በሌላ ሰው እምነት እየሞቅን እንጨቱን አንድ ቀን አልተሸከምንም።

ስለዚህ እመኑ የሚለንን አንሰማም፤ አትደነቁ የሚለንንም አንሰማም። ነገር ግን የተደነቀ ዕዳ አለበት እንላለን። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ፊት ካሜራ አይወጣም። እነዚህ 11 አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ዓመት አልፏል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በአንዳንዶቹ ላይ የብረት መጠለያ ተተከለ፤ ዝናቡና ስንጥቁ ግን የቄሶቹ ብቻ ጭንቀት ሆኖ መቅረት የለበትም። የማያምን ሰው መጮህ ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ድንጋዩ ቢፈርስ በሰማይ ሌላ ይጠብቀኛል ብሎ የሚጽናና እሱ አይደለም።

ፎቶዋን አጥፍተናታል። እሳቸው ግን ገለል ብለው እንደቆሙ አሁንም ይታዩናል።