የጋለ ጉልበት ቤት አይደር!

የጀሞ ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ! ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ስታጣጥቡ ጉልበታቸውን ዳብሱ። ዳሌያቸውን፣ ክርናቸውን፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ዳብሱ። ያበጠና ከሌላኛው ይልቅ የሚግል መገጣጠሚያ ካገኛችሁ፣ ልጁም አተኩሶት አላስነካ ካለ፣ ጫማችሁን አጥልቁና ወደ ሆስፒታል ውጡ። ሲነጋ አይደለም፤ አሁን!

ባክቴሪያ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ መግል ሲቋጥር በአጥንቱ ጫፍ ያለውን ለስላሳ ልባስ በቀናት ውስጥ ይበላዋል። ያ ልባስ የራሱ ደም ስር የለውም፤ አንዴ ከተበላ እንደ ቀድሞው ተመልሶ አይበቅልም። የሕፃን ዳሌ ሲሆን ደግሞ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የተጠራቀመው መግል ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደውን ደም ያፍናል። ልጁ በሕይወት ቢተርፍም እያነከሰ ሊያድግ ይችላል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እያነከሱ መኖር ምን እንደሆነ ለጀሞ ሰው አልነግርም።

ጨቅላ ሕፃን አመመኝ አይልም። ዳይፐር ሲቀየርለት ይጮሃል፤ አንድ እግሩን አጥፎ ይተኛል፤ ሌላውን እያወራጨ ያንን አያንቀሳቅስም። ይህን ያየች እናት አይታለች፤ «ታበዢዋለሽ» አትበሏት።

ተህዋሲው ከሩቅ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው ነው፤ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ዝም ብሎ ይኖራል። በብሎኮቻችን መካከል ኮብልስቶን ላይ ኳስ ሲጫወት የተላጠ ጉልበት ወይም የፈረጠ ብጉንጅ በር ይከፍትለታል። በደም ተጉዞ መገጣጠሚያ ውስጥ ያርፋል። ስኳር ያለባቸውና ዕድሜያቸው የገፋ ደግሞ ይበልጥ ይጠቃሉ፤ የእማማን ጉልበትም ዳብሱ።

«ብርድ ነው» አትበሉ። «ወለምታ ነው፣ ይታሽ» አትበሉ። ወለምታ ትኩሳት አያመጣም! ወጌሻዎቻችን፣ እጃችሁን እናከብራለን፤ ስንት ውልቃት መልሳችኋል። የጋለና ያበጠ መገጣጠሚያ ከትኩሳት ጋር ሲመጣባችሁ ግን አትሹት፤ ወደ ሐኪም ስደዱት። እናንተ «ሂድ» ካላችሁት ከእኛ ይልቅ ይሰማችኋል።

ከመሳቢያ የተረፈች ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊንም አትስጡት። መግሉን አታጠፋውም፤ ምልክቱን ታደበዝዝና ሐኪሙን ታሳስታለች። ፋርማሲስቶች፣ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ ሕጉ ከልክሏል፤ ጎረቤት ቢያኮርፍም እምቢ በሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. ኖቤል ሲሸለም፣ መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ተህዋሲያንን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። አልሰማነውም። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

ሆስፒታል ስትደርሱ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ይቀዳል፤ መግሉ ወጥቶ ይታጠባል፤ መድኃኒቱ ለሳምንታት ይቀጥላል። «ኦፕራሲዮን» ሲባል አትሽሹ። ጠበል የምትወስዱም ውሰዱ፤ ሕክምናውን ግን አታቋርጡ። «ተሻለው» ብላችሁም መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ።

ሆስፒታሉም ራሱ የተህዋሲው መግቢያ በር ሊሆን ይችላል። ክንድ ላይ የቆየ ካኑላ፣ የቀዶ ጥገና ቁስል፣ አጥንት ላይ የታሰረ ብረት፣ ጉልበት ውስጥ የተወጋ መርፌ፣ ሁሉም ንጹሕ እጅ ይፈልጋሉ። እዚያ ያለው ተህዋሲ ደግሞ ብዙ መድኃኒት ያየ፣ የማይበገር ሊሆን ይችላል። ዶክተር ዜመልቫይስ በቪየና፣ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ ሲታጠቡ የወላዶች ሞት እንደሚቀንስ ያሳየው በ1847 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ አትፈሩ፤ «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ እጅሽን ታጥበሻል?» በሉ። ነውር የለውም። ውሃና ሳሙና ከሌለም ለኃላፊው አቤት በሉ፤ ነርሷ ከየት ታምጣው?

እኛ ጠያቂዎቹስ? ዐሥር ሆነን ገብተን አልጋው ላይ እንቀመጣለን፤ ፋሻውን እየነካካን «እግዜር ይማርህ» እንላለን። ይቅር! ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን ታጠቡ፤ ቁስሉን አትንኩ።

ህዳር 12 ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቆሻሻ ይሰበስባል፤ በ1911 ዓ.ም. አገሩን የፈጀውን የህዳር በሽታ ያስታውሳል። መድኃኒት የተለማመዱ ተህዋሲያን የሚታሰቡበት ዓለም አቀፍ ሳምንትም በዚያው ሰሞን፣ ከህዳር 9 እስከ 15 ይውላል። ዘንድሮ መጥረጊያ ይዘን ስንወጣ በየብሎኩ ይህንንም እናውራ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን እንጥራ።

የእድር ሰብሳቢዎች፣ ዋናው ሥራ የእናንተ ነው። ለድንኳንና ለወንበር ስናዋጣ የኖርን ሰዎች ለሌሊት ታክሲ ማዋጣት አያቅተንም። ከየብሎኩ መኪና ያለው ሰው ስሙን ያስመዝግብ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየቤቱ አንድ ጀሪካን ለእጅ መታጠቢያ ይቀመጥ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በየደረጃው መግቢያ ይለጠፍ።

ሌላ ሰው እስኪጀምር አትጠብቁ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ይህን አጀንዳ አስይዙ።