ቡናው እስኪሰክን

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል። የቸኮለ ላይክ አድርጎ ይለፈኝ፤ ጊዜ ያለው ግን ቡናውን ይዞ ቁጭ ይበል፣ ጉዳዩም እሱው ነው።

ሰሞኑን አንድ ሰው "ጀበና ቡና መንገድ ዳር ከወጣ ወዲህ የቡና ባህላችን ሞተ" ብሎ ፖስት አድርጎ አየሁ። ከሥሩ ብዙ ሰው "እውነት ነው ወንድሜ" ብሎታል። እኔ አልተስማማሁም። ኮሜንት መጻፍ ጀምሬ በጣም ሲረዝምብኝ አጠፋሁትና ወደ ራሴ ገጽ መጣሁ። በእኔ እምነት ባህሉን የጎዳው ዱካው ከሳሎን ወጥቶ አስፋልት ዳር መቀመጡ አይደለም። ችግሩ ያለው እዚያ ዱካ ላይ በምንቀመጠው በእኛ ላይ ነው። ይሄን የምለው መጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን በራሴ ደርሶብኝ ነው።

እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ቡና ታፈላለች። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጠዋት የጦሳ ጉም ሳይገፈፍ ብርዱ አጥንት ይገባል። እሷ ግን ከ12 ሰዓት ጀምሮ ሸራዋን ወጥራ፣ ከሰሏን አያይዛ፣ አምስት ስድስት ዱካ ደርድራ ሥራ ላይ ናት። እኔና አንድ የሒሳብ መምህር ባልደረባዬ (ስሙን አልጠራም፣ ሲያነበው ራሱን ያውቃል፤ ፈቃዱንም ጠይቄያለሁ) በ4 ሰዓቱ እረፍት እዚያ ሳንገናኝ የቀረንበት ቀን ጥቂት ነው። አራት ዓመት ሙሉ። ስንጀምር አንዱ ሲኒ 5 ብር ነበር፤ እየወጣ እየወጣ ሄዶ 20 ሲገባም አላቆምንም። ሒሳብ የምንከፍለው በተራ ነው፣ ዛሬ እሱ ነገ እኔ። የማን ተራ እንደሆነ ሁሌ እንጨቃጨቃለን፤ ዳኛዋ ልጅቷ ናት።

ምን እናወራ ነበር? እሱ አርሰናል፣ እኔ ማንቼ። ከዚያ ደሞዝ፣ ከዚያ የቤት ኪራይ፣ ከዚያ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ፖለቲካ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሰን አርሰናል። እስኪበቃን ስቀን፣ ደወል ሲደወል የቀረችውን ፉት ብለን እንሮጣለን። ሰው "የልብ ጓደኛህ ማነው?" ቢለኝ ሳላስብ የምጠራው እሱን ነበር።

አንድ ሰኞ ቀረ። ማክሰኞም አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። አሞት ይሆናል አልኩ። ረቡዕ ዕለት እንዲሁ ለነገሩ ያህል ልጅቷን "ያ ሰውዬ የት ጠፋ?" ብዬ ጠየቅኳት። ከሰሏን እያራገበች ቀና አለችና "ቲቸር፣ አልነገሩዎትም እንዴ?" አለችኝ።

ለካ እናቱ ከታመሙ ዓመት አልፏቸዋል። በየቅዳሜው "ገጠር ጉዳይ አለኝ" እያለ የሚጠፋው እሳቸውን ሊያስታምም ኖሯል። ሌሊት እንቅልፍ የለውም። አሁን ደግሞ ሲብስባቸው ያለ ደሞዝ ፈቃድ ወስዶ ሄዷል። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ቡና የምታፈላው ልጅ ናት። "አንቺ በምን አወቅሽ?" ስላት "ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ይመጡ የለ" አለች። ከክፍል በፊት፣ 1 ሰዓት ላይ መጥቶ፣ ጥግ ይዞ፣ ምንም ሳይናገር ቡናው እስኪሰክን ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን የሆነ ነገር ይነግራታል፣ አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ ጠጥቶ ይሄዳል። ከእኔ ጋር በ4 ሰዓት የሚጠጣው የቀኑ ሦስተኛ ሲኒው ኖሯል። እኔ ደግሞ ሲደጋግም ሳየው "ከነጀበናው ዋጠው እንጂ!" እያልኩ እስቅበት ነበር።

የባዮሎጂ ተማሪዎቼ ይሄን ታስታውሱ ይሆናል፣ በየዓመቱ ሳላወራው አላልፍም። ነቅተን በዋልን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። "ደክሞሃል፣ ይብቃህ" የሚል መልእክተኛ በሉት። ካፌይን ቅርጹ ከአዴኖሲን ጋር ስለሚመሳሰል፣ አዴኖሲን የሚያርፍበትን መቀበያ ቀድሞ ይይዝበታል። መልእክቱ አይደርስም፣ እኛም ነቃን እንላለን። ድካሙ ግን የትም አልሄደም። በዚያ ላይ ሰውነታችን ከጠጣነው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ማታ 12 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና 5 ሰዓት ላይ አልጋ ስትገቡ ግማሹ አብሯችሁ ይገባል። ይሄን ለስንት ክፍል ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬያለሁ መሰላችሁ! ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ጓደኛዬ በቀን አምስት ስድስት ሲኒ ሲጠጣ ግን "ይሄ ሰው ምን ያህል ቢደክመው ነው?" ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

አሁን ሳስበው ወሬያችን ራሱ ካፌይን ሆኖብን ነበር። አርሰናልና ደሞዝ ቀድመው ቦታውን ይይዙታል፣ ዋናው ነገር የሚቀመጥበት ያጣል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኩን አነሳ። የእናቱን ጤና ጠየቅኩና መታገሥ አቅቶኝ "ምን አድርጌህ ነው ያልነገርከኝ?" አልኩት። አልተቆጣም። "መቼ ልንገርህ? 20 ደቂቃ ናት እኮ። እሷንም ላበላሻት አልፈለግኩም፣ ከቀኑ ውስጥ ደስ የምትለኝ እሷ ነበረች" አለኝ። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ "አንተስ ደህና ነህ?" አለኝ። "ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን" ልለው አፌን ከፍቼ የሆነ ነገር ያዘኝ። ደህና መሆኔን አላውቅማ! ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ ብቻዬን ሄድኩ። ስልኬን ቤት ትቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሁለቴም አውጥቼዋለሁ።

ብቻ መጠጣት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ያደግኩት እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ገጠር ነው። እኛ ዘንድ ቡና ብቻውን የሚጠጣ ሰው ወይ ከጎረቤት ተጣልቷል ወይ ሰው የለውም ነው የሚባለው። በልጅነቴ ሥራዬ ጎረቤት መጥራት ነበር። "ኑ ቡና ጠጡ ብላለች እማዬ" እያልኩ በየደጁ እሮጣለሁ። ክርስቲያኑም እስላሙም ይመጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ የሚነሳ የለም። በረካው ላይ ምርቃት አለ፤ ሳይመረቅ የወጣ ሰው ዕቃ ረስቶ እንደሄደ ነው የሚቆጠረው። ጨዋታውን፣ ፈንዲሻውን፣ ቄጤማውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በእሱ አላደክማችሁም።

እኔ የረሳሁት ከጨዋታው በፊት ያለውን ነው። እናቴ ቡና ስትቆላ አትናገርም ነበር። ጥሬውን ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ ብረት ምጣዱ ላይ ታምሰዋለች። ዓይኗ ቡናው ላይ ነው፣ ግን ቡናውን የምታይ አይመስልም። ቀኑን ሙሉ ከየአቅጣጫው ስትጠራ የምትውል ሴት እዚያ ላይ ማንም አይጠራትም፤ "ቡናው ያርርብኛል" ካለች አባቴ እንኳ ይጠብቃል። ከዚያ ውቀጣው አለ። ከዚያ ጀበናው ፈልቶ ሲወርድ ማቶቱ ላይ ዘመም አድርጋ ታሳርፈውና "ይስከን" ትላለች። ካልሰከነ አተላው ሲኒ ውስጥ ይገባል። በዚያች ደቂቃ የጎረቤቶቹም ወሬ ቀዝቀዝ ይላል። አንዷ የዕጣኑን ጭስ ታያለች፣ አንዷ ተንፈስ ትላለች። የከበደ ነገር የያዘ ሰው አፉን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ከዚያች ዝምታ ቀጥሎ ነበር። ልጇ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋባት ጎረቤታችን ነገሩን መጀመሪያ ያወጣችው ቶና ላይ ነው። አቦልን ስለ ዝናብ እያወራች ነው የጠጣችው።

እኔና ጓደኛዬ አራት ዓመት ሙሉ አቦል ብቻ ነበር የጠጣነው።

ለዚህ ነው መንገድ ዳር መውጣቱን የማልወቅሰው። እርግጥ እኛ ስንደርስ ጀበናው ቀድሞ ሰክኖ ይጠብቀናል፣ መጠበቅ የሚባለው ነገር ቀርቷል። ግን ልጅቷ ምን ታድርግ? ደንበኛው ይቸኩላል፣ እሷም መኖር አለባት። ደግሞስ ቦታው ከሆነ ችግሩ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባው ቶሞካ ውስጥ ብዙ ሰው ቆሞ ነው የሚጠጣው። እዚያ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ጠረጴዛ ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ሳይነጋገሩ ቆመው፣ ሲለያዩ ተቃቅፈው አይቻለሁ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ረከቦት ተዘርግቶ፣ ዕጣን እየጨሰ፣ አራት ሰው አራት ስልክ ላይ አቀርቅሮ አይቻለሁ።

"ባህላችን" የምንለውም ቢሆን እንደምናወራለት ከጥንት ጀምሮ በሁሉም ቤት የነበረ አይደለም። ቡና መነሻው የዚሁ አገር ጫካ ሆኖ ሳለ፣ በሰሜኑ ክፍል ክርስቲያኑ ለረጅም ዘመን የእኛ መጠጥ አይደለም ብሎ ሲርቀው ኖሯል። ነገሩ እየላላ የመጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ገደማ ነው። ዛሬ አገሪቱ ከምታመርተው ቀላል የማይባለውን እዚሁ እኛው እንጠጣዋለን። እስላሙ ጎረቤት ለክርስቲያኑ እያቀመሰ፣ በረካውን ከነምርቃቱ እየተካፈሉ ነው እናቴ ቤት የደረሰው። በሰው የመጣ ነገር ነው፣ ሰው ከተወው ደግሞ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ እዋሻለሁ። ስለ እናቴ ዝምታ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ እንጂ፣ ያቺ ሴት ዝም የምትልበት ጊዜ ያገኘችው ሥራ ላይ ሆና ነው። አባቴ ቁጭ ብሎ ያስባል፤ እሷ የምታስበው እየቆላች ነው። እኛ ወንዶች "የቡና ባህላችን" እያልን የምንኮራበት ነገር ጭሱ የገባው የሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሦስት ወር ወዲህ እሁድ እሁድ ቡናዬን ራሴ እቆላለሁ። የመጀመሪያ ቀን ከሰል አደረግኩት። የቤት አከራዬ እትዬ ጭሱን አይተው እየሮጡ መጥተው "ቤቱ ተቃጠለ ብዬ እኮ ነው!" አሉኝ። አሁን ደህና ነኝ፣ ወቀጣው ላይ ነው ትንሽ የሚቀረኝ። እሳቸውንም እጠራቸዋለሁ፣ ይመጣሉ፣ ይስቁብኛል፣ በረካውን ጠጥተው መርቀውኝ ይሄዳሉ።

ብቻዬን በመቀመጤ ምን አገኘሁ? የመጀመሪያው ሳምንት ምንም። የሰው እግር ስቆጥር ነው የከረምኩት። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ የማልወደው ነገር ብቅ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ በዲፕሎማ የምናስተምር ጥቂት ነን። ሰው ሲያነሳብኝ "ወረቀት ምን ያደርጋል" እያልኩ አሾፋለሁ። የክረምቱን የዲግሪ ትምህርት "ለከርሞ" እያልኩ ስድስት ዓመት አሳልፌያለሁ። ብር የለም እላለሁ፣ ጊዜ የለም እላለሁ። እውነቱ ፈርቼ ነው። ከእናንተ ውስጥ ማስተርስ የያዛችሁ አላችሁ፤ አስተማሪያችሁ ዕድሜው ገፍቶ ክፍል ገብቶ ቢወድቅስ? ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለራሴም ጭምር። ያቺን ጥያቄ ነው ስንት ዓመት በአርሰናልና በማንቼ የሸፈንኳት። ገና አልተመዘገብኩም፣ ጀግና አታድርጉኝ። ቅጹን ግን አምጥቼዋለሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ብቻ መቀመጥ ከሰው መሸሽ የሚመስላቸው ወዳጆች አሉኝ፣ "ምን ሆነህ ነው ብቻህን የምትጠጣው?" ይሉኛል። እኔ የደረስኩበት የተገላቢጦሹ ነው። የራሴን ነገር መስማት ስፈራ የጓደኛዬንም ነገር እንዳይመጣ በወሬ ስከላከለው ነበር። የእሱ ቢከፈት የእኔም ይከፈታላ።

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ ለእናቱ መድኃኒት ሊገዛ ደሴ መጣ። ከስቷል። ቀጥታ ወደ ልጅቷ ሄድን። ጀበናውን ገና መጣዷ ነበርና "ይቆያል" አለችን። "ይቆይ" አልናት ሁለታችንም። አቦሉን ሳንነጋገር ጠጣነው ማለት ይቻላል። ቶናው ላይ ስለ እናቱ ነገረኝ፣ ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚሉት፣ እሱ ምን እንደሚመልስላቸው። ያንን እዚህ አልጽፈውም። እኔም ስለ ቅጹ ነገርኩት። ሳቀብኝ፤ ከዚያ "ሒሳቡን እኔ አስጠናሃለሁ" አለኝ። በረካው ቀጥኖ ውሃ ውሃ ይል ነበር፣ ጨረስነው።

ልከፍል ኪሴ ስገባ ልጅቷ እጇን አወዛወዘች። "ቲቸር፣ የእርስዎ አይደለም" አለች። "እሳቸው የሄዱ ጊዜ የከፈሉት እርስዎ ነዎት። ዛሬ የእሳቸው ተራ ነው።"