ወንዱ ጥንቸል መቼ ይለዝባል?

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስታምም ኖሬ በጡረታዬ ስለ ጥንቸል እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ነገሩ ከጎረቤት መጣ።

ከጊደር መጋላ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን ጎረቤቶቼ ሁለት ጥንቸሎች አሏቸው፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ልጆቹ ለምነው ያስገዟቸው ናቸው። ወንዱ አምስት ወር ገደማ ሲሞላው ጠባዩ ተለወጠ። ነደባው ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ ሽንቱን እየረጨ አበላሸው፤ የሰው እግር ላይ ይወጣል፤ ሊያነሳው የመጣ እጅ ይነክሳል። ሴቷንም ፋታ ስለነሳት ለብቻዋ ተከለለች። አንድ ቀን እናትየው መጥታ፣ «ሲስተር፣ እርስዎ መርፌ ያውቃሉ፤ ወይ ይቀጥቅጡልኝ ወይ ይታረድ» አለችኝ። ትንሿ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

እምቢ አልኩ። የሰው ነርስ መሆን የእንስሳት ሐኪም አያደርግም። ለፍየልና ለበግ የሚደረገው ቅጥቀጣም ለጥንቸል አይሆንም፤ ሕመምና ድንጋጤ ብቻውን ሊገድለው ይችላል። የሚያስፈልገው በማደንዘዣ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ስለዚህ አብሬያቸው ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ።

እኔ በሆስፒታል ልማዴ «ከማታ ጀምሮ ምንም አይቅመስ» ብዬ ነበር፤ ሐኪሙ አረሙኝ። ጥንቸል ማስታወክ አይችልም፣ ስለዚህ መጾሙ አይጠቅመውም፤ ይባስ ብሎ ካልበላ አንጀቱ ሥራ ያቆማል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የሚጠበቀው ቁስሉ ብቻ አይደለም፤ ሳር መብላቱና በጠጥ መጣሉም ጭምር ነው። ግማሽ ቀን ሳይበላ ከዋለ ቶሎ ወደ ሐኪም መመለስ ነው።

በአራተኛው ቀን እንደገና ረጨ። «ታዲያ ብሬ ለምን ወጣ?» አለች እናትየው። የዘር ፍሬው ሲወጣ የወንድ ሆርሞኑ ምንጭ ይደርቃል፤ ጠባዩ ግን የሚበርደው በሳምንታት ውስጥ፣ ቀስ እያለ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። በአሥረኛው ቀን «አሁን ከሴቷ ጋር ይሁን?» ስትለኝ፣ «ምን ገዶት» አልኳት። ለካ ቀድሞ የተመረተው ዘር በቱቦው ውስጥ ይቆያል! ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከሴት መለየት ነበረበት። ይህን እኔ ልርሳው? በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ስሠራ፣ የዘር ቱቦ ለሚያስቋጥሩ ወንዶች «3 ወር ሌላ መከላከያ ተጠቀሙ» እያልኩ ስንቱን መክሬያለሁ! ከአንድ ወር በኋላ አምስት ግልገል ተወለደ። ልጆቹ ጨፈሩ፤ እናትየው ግን ሳምንት ያህል ሰላምታዬን በአጭሩ ነበር የምትመልሰው።

ካነሳሁት አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦ ማስቋጠር ማኮላሸት አይደለም። «ሙክት ልታደርጊኝ ነው?» ያሉኝ ባሎች ብዙ ናቸው። ቱቦ ሲቋጠር ፍሬው እዚያው ነው፣ ሆርሞኑም ይመነጫል፤ የወንድ ጠባይ አይለወጥም።

በሁለተኛው ወር ጥንቸላችን መርጨቱን ተወ፣ እግር ላይ መውጣቱም ቀረ፤ ከሴቷ ጋር ጎን ለጎን ይተኛል። ፈዘዘ እንዳትሉ፤ ማታ ማታ ግቢውን ሲሮጥበት ያመሻል። ንክሻው ግን አልቆመም።

እኔም አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አየሁ። ልጆቹ ከላይ ጎንበስ ብለው ጀርባውን ጨብጠው ነው የሚያነሱት። ከጊደር መጋላ ሥጋ ገዝቶ የወጣ ሰው፣ ጭልፊት ከላይ ወርዶ ሲነጥቀው እንዴት ክው እንደሚል ያውቃል። ጥንቸል የሚታደን ፍጥረት ነው፤ ከላይ የሚመጣ እጅ ለእሱ ጭልፊት ነው። ይሄ ፍርሃት ነው፣ ፍርሃት ደግሞ በቀዶ ሕክምና አይወጣም።

ትንሿን ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ ጎመን ይዛ እንድትጠብቀው አደረግኋት። ማንሳት ካስፈለገ አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ አንድ እጅ ከኋላው ሆኖ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከተፈራገጠ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ትናንት ስገባ ጥንቸሉ ጉልበቷ ላይ አገጩን አስደግፎ አገኘሁት።

እናትየው አሁን የምታስበው ስለ ግልገሎቹ ነው። 3 ወር ሳይሞላቸው ወንዶቹን ከሴቶቹ እንድትለይ ነግሬያታለሁ፤ እንዳይረሳ ደግሞ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ።