የመረቡ ዘብ የማን ዘብ ነው?

«የኮምፒዩተር ደኅንነት ባለሙያ» ሲባል በብዙው የአገራችን ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ባለሙያው የሚጠብቀው ሕዝብ ሳይሆን የሚያዳምጠው ስልክ ነው። ይህ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አልተወለደም።

ሙያው በአገራችን በተቋም ደረጃ የተተከለው በ1999 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (ዛሬ «አስተዳደር» ተብሏል) ሲመሠረት ነው፤ የአሁኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በየካቲት 2006 ዓ.ም. የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ የጣልያኑ ሃኪንግ ቲም የስለላ መሣሪያ በውጭ አገር በሚኖሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ መዋሉን አጋለጠ። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ደግሞ ጠላፊው ኩባንያ ራሱ ተጠልፎ ምስጢሩ ሲዘረገፍ፣ ኤጀንሲው ደንበኛው እንደነበረና 1 ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ ዓለም አነበበ። በዚሁ ዘመን፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ክስ ውስጥ፣ መልእክትን ከሰላይ ዓይን የመሰወር ሥልጠና መውሰዳቸው እንደ ወንጀል ተቆጥሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. የቀሩትን ተከሳሾች ከሽብር ክሱ ነጻ አደረጋቸው። እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ዓመት ተኩል በእስር አልፏል። ለአንድ የ20 ዓመት ተማሪ ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው ትምህርት ምንድን ነው? ያው አንድ እውቀት በመንግሥት እጅ ሲሆን ሙያ፣ በዜጋ እጅ ሲሆን ወንጀል መሆኑ ነው።

መንግሥት ዘብ አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከግብጽ የተነሡ የመረብ ጥቃቶችን አከሸፍኩ ሲል ተቋሙ ሲያስታውቅ፣ በዓባይ ላይ ግድብ የሠራች አገር ጠባቂ ሊኖራት እንደሚገባ ማን ይጠራጠራል? ክርክሬ ሙያው ሁሉ በዚያ አንድ በር ብቻ መግባት የለበትም ነው። የፋሲል ግቢ እንኳ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥሩ ላይ 12 በሮች ነበሩት፤ ለእያንዳንዱም ስምና አገልግሎት ነበረው።

ሥራው የት እንዳለ ለማየት ወደ ዳባትና ደባርቅ መውጣት ይበቃል። ገብሱን ሸጦ ገንዘቡን በቴሌብር የሚቀበል ገበሬ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን» ሲባል ማን ይጠብቀዋል? መጋቢት 6 እና 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውንም እናስታውስ። ባንኩ ራሱ እንዳለው የመረብ ጥቃት አልነበረም፤ በሥርዓቱ ላይ በተደረገ ማሻሻያ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። ጠላት ሳይመጣ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ፤ ካወጡት መካከልም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ውይይት ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ ግብረ ገብ ነበር። ለውጡን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ማን ፈተሸው? ይህን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፤ የሙያው እንጀራ ያለው ግን እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የባለጉዳዮችን መረጃ ለማንም መንገደኛ እንደሚያሳይ በአጋጣሚ ደርሶበት «መምህር፣ ልንገራቸው ወይስ ልተወው?» ሲል ጠየቀኝ። አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት የገባን ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እሥራት ይቀጣል፤ በቅንነት ቀዳዳ አይቶ ለሚጠቁም ሰው የተለየ ከለላ አይሰጥም። «ተወው» አልኩት። ዛሬም ቢጠይቀኝ መልሴ ያው ነው። ቀዳዳው ግን በመተዉ አይደፈንም።

በዚህ ላይ የእኛ ልጆች የተለየ ዕዳ አለባቸው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በጦርነቱ ሰበብ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ የመረብ ደኅንነት ተማሪ መረብ ሳያይ ከረመ፤ መዋኘትን በደረቅ መሬት እንደማስተማር ነበር። ቀጣሪዎች የሚጠይቁት ሴኩሪቲ ፕላስ የተባለው የምስክር ወረቀት ፈተናው ወደ 400 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 በላይ ሆነ። የልጁ ዕውቀት ሳይቀንስ የፈተናው ዋጋ እጥፍ ሆነበት ማለት ነው። በውጭ አገር ያላችሁ የሙያው ሰዎች የአንድ ተማሪ ክፍያ ብትሸፍኑ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ከባንኮቻችንና ከመሥሪያ ቤቶቻችን የምጠብቀው ግን ዶላርም ሆነ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። «በድረ ገጻችን ላይ ቀዳዳ ያገኘ ሰው መረጃ ሳይወስድና ሳያበላሽ በዚህ አድራሻ ቢያሳውቀን አንከሰውም፣ እናመሰግነዋለን» የሚል በኃላፊ የተፈረመ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። በሌላው ዓለም ይህ የተለመደ ነው። ሕግ አውጪው አዋጁን እስኪያሻሽል ድረስ ያ አንድ ገጽ ለልጆቻችን ፈቃድ ይሆናቸዋል፤ እኔም «ተወው» ማለቴን አቆማለሁ።